ሦስተኛው ገጽ ላይ የተኛው ሰው

«የሰው ልጅ ሟች ነው። ዛሬ ታይቶ ነገ የሚጠፋ የጠዋት ጤዛ ነው። እኔም ብሆን...»

ፀጉር ሠሪዋ ከመጋረጃው ወዲያ ይህን ስትሰማ ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ። ድምፁ የባሏ ነው። ባሏ ትናንት ከሐኪም ቤት ሲመለስ «ምን አለህ?» ብላ ብትጠይቀው «ወገብህ ነው አለኝ» ብሎ፣ ከዚያ በላይ ትንፍሽ ሳይል ያደረ ሰው ነው። ወገቡን ብቻ የታመመ ሰው ደግሞ ስለ ጤዛ አያወራም።

«እትዬ፣ ሰምተዋል?» አለች።

እትዬ ያለቻቸው ጡረተኛዋን ነርስ ነው፤ የግቢያችን ሁሉ ሐኪም ናቸው። ራሳቸውን ሙሉ በቢጎዲን ተጠቅልለው ካስኩ ስር ተቀምጠዋል። ያ ማድረቂያ መንፋት ከጀመረ ደግሞ ነጎድጓድ ቢወርድም አይሰሙም።

«ምኑን?» ብለው ጮኹ።

«ኑዛዜ እየጻፈ ነው!»

ይቺን ግን ሰሙ።

ፀጉር ቤቱና መኖሪያው የሚለዩት በአንድ መጋረጃ ነው። ሁለቱ ሴቶች መጋረጃውን ገፍተው ሲገቡ፣ ባሏ ሾፌሩ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ የምግብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግቷል። ነርሷ ጊዜ አላባከኑም። እጁን ላፍ አድርገው ይዘው ጣታቸውን አንጓው ላይ አሳረፉ።

«እትዬ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ዝም በል፣ እየቆጠርኩ ነው።»

«እውነቱን ንገረኝ» አለች ሚስቱ። «ሐኪሙ ምን አለህ?»

«ወገብህ አለኝ አልኩሽ እኮ!»

«በወገብ ማን ይሞታል?»

«ማን ይሞታል አለ?»

«አንተ ነሃ! አሁን! ጤዛ ነኝ ስትል በጆሮዬ ሰምቼ!»

ሾፌሩ ወረቀቱን አየ፣ ሴቶቹን አየ፣ እንደገና ወረቀቱን አየ።

«ይሄ እኮ መግቢያ ነው።»

«የምን መግቢያ? የመቃብር?»

«የድርሰት!»

ነርሷ እጁን ለቀቁትና «ምቱ ደህና ነው» አሉ። «የታመመው ድርሰቱ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሾፌሩ ዕድሜውን የፈጀው የከተማ አውቶብስ መሪ ላይ ነው። ሐኪሙ በእርግጥም ወገብህ ነው ያለው፤ ግን «ከእንግዲህ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ መቀመጥ የለም» ብሎ ጨምሮለታል። ሾፌሩ ለሚስቱ ያስቀረባት ይቺን ነበር። አውቶብሶቹ በሚያድሩበት ዴፖ ውስጥ መሪ ላይ ሳይቀመጡ መሥራት የሚቻለው ሁለት ቦታ ነው። አንደኛው አዲስ ሾፌሮችን ማሠልጠን ነው። ሁለተኛው ዋናው በር ላይ ተቀምጦ የብረቱን ዘንግ ማንሳትና መጣል ነው። በር መጠበቅ ነውር የለበትም። ነገር ግን ያን ሁሉ ዘመን ጡሩምባ እየነፋ ለወጣበት በር፣ ሌላው ጡሩምባ ሲነፋለት ከፋች መሆን ለእሱ እንደ ቅጣት ነው የታየው። ሌሊት የሚያገላብጠው ወገቡ ብቻ አልነበረም።

ለአሠልጣኝነቱ የሚወዳደር ሰው ደግሞ ድርሰት ይጽፋል። ርዕሱ «ሾፌር ከመነሳቱ በፊት ምን ያድርግ?» የሚል ነው። ይህን እንኳን እሱ፣ በየማታው ሲያወራው የምንሰማው እኛም እንጽፈዋለን። ሐተታውን በአንድ ቅዳሜ ጨርሶታል። ችግር ያመጣችው የዴፖው ሥራ አስኪያጅ ናት። ስብሰባ ላይ ተነስታ «ድርሰቱ ብዙ ነው፣ ዓይናችን ግን ያው ሁለት ሁለት ነው። መግቢያው ካልያዘኝ ወደ ታች አልወርድም» ብላ ቁጭ አለች። ከዚያች ቀን ወዲህ ያ ሰው መግቢያ ሲጽፍና ሲቀድ ሰነበተ። ድርሰቱ የሚገባው ዛሬ ነው፤ ቢሮው ሳይዘጋ።

«እስቲ የቀደድከውን አምጣ» አለች ሚስቱ። ኑዛዜ አለመሆኑን ስታውቅ ወንበር ስባ ተቀምጣለች፤ ሳቋም እየመጣ ነው።

ከቅርጫቱ አንድ ጭምድድ ያለ ወረቀት አውጥታ ዘረጋችው። «‘በቅድሚያ ለተከበረው ኮሚቴ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ።’ ይሄን ልትሰጣቸው ነበር?»

«ሰው ሰላም ሳይባል ነገር ይጀመራል እንዴ?»

ሌላ ዘረጋች። «‘አውቶብስ ማለት ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ የሚያጓጉዝ ተሽከርካሪ ነው።’ የኔ ጌታ፣ ይሄን የምትነግረው አውቶብስ ዴፖ ውስጥ ለሚሠሩ ሰዎች ነው?»

«ምናልባት አዲስ ሰው ቢኖር ብዬ...»

«‘መንኮራኩር ከመፈልሰፉ በፊት የሰው ልጅ በእግሩ ይጓዝ ነበር።’»

«እሱ እንኳ እውነት ነው» አሉ ነርሷ።

የባልና ሚስቱ ልጅ ሌላ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት። ተማሪ ድርሰት ሲጽፍ ማረም ሥራዋ ነው። ሚስቱ ስልክ ደወለችላትና ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ሾፌሩም ከጤዛው እስከ መንኮራኩሩ ያለውን በየተራ አነበበላት። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሳታቋርጥ ሰማች፤ የአባት ነገር ነው፣ ተማሪዋ ቢሆን እንዲህ አትታገሰውም።

«አባዬ» አለች በመጨረሻ፣ «ሞተር እያሞቅክ ነው።»

ሚስቱና ነርሷ ተያይተው ሳቁ። እኛ ጎረቤቶቹም ብንሰማ እንስቅ ነበር። ይህ ሰው ሳያሞቅ የሚጀምረው ነገር የለም። ድሮ ይነዳው የነበረው አሮጌ አውቶብስ ሞተሩ በደንብ ካልሞቀ ዳገት ላይ ይለግም ስለነበር፣ ልማዱ ከአውቶብሱ ወደ ሰውየው ተጋብቶ ቀርቷል። መዶሻ ሊዋስ ይመጣል። ስለ ጤናችሁ ይጠይቃል፣ ስለ ልጆቻችሁ ይጠይቃል፣ ስለ ጣሪያችሁ ማፍሰስ ይጠይቃል፣ ደህና ዋሉ ብሎ ይሄዳል። መዶሻውን ለመዋስ እንደገና ይመጣል።

«ሞተር ሳይሞቅ ይነሳል እንዴ?» አለ ሾፌሩ ቅር ብሎት።

«አዲሶቹ ይነሳሉ ብለህ የነገርከኝ አንተው ነህ። አባዬ፣ አንባቢው ተሳፍሮ ተቀምጧል። አንተ ገና እያሞቅክ ነው። ጭሱ ብቻ ነው የሚደርሰው።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«አሁን የጻፍከውን በሙሉ ለእማዬ አንብብላት። ሥራዋን ትታ ቀና የምትልበት ቦታ ካለ፣ እሱን አንስተህ መጀመሪያ ላይ አምጣው። ከዚያ ደግሞ በአንድ ዓረፍተ ነገር ወዴት ልትወስደን እንደሆነ ንገረን። በቃ።»

«ሰላምታውስ?»

«አባዬ!» ብላ፣ ደወል ተደወለ፣ ክፍል ልገባ ነው ብላ ዘጋችው።

ነርሷ ወደ ፀጉር ቤቱ ተመለሱ፤ ግን ካስኩን አጥፉልኝ አሉ፣ ድርሰቱ እንዳያመልጣቸው። ሚስቱ ቢጎዲኑን እየፈታች፣ ሾፌሩ መጋረጃው መሀል ቆሞ ማንበብ ጀመረ። የጎማ ንፋስ። የሞተር ዘይት። የመስታወት አቀማመጥ። ሁሉም ትክክል ነው፣ ሁሉም በወጉ ነው የተጻፈው። ሁለተኛው ገጽ ላይ የነርሷ አገጭ ወደ ደረታቸው መውረድ ጀመረ። ሚስቱ ከንፈሯን ነክሳ ቢጎዲን ትፈታለች። ሦስተኛው ገጽ ተጀመረ።

«‘...ለምሳሌ አንድ ሾፌር በአንድ ወቅት አውቶብሱን ዞሮ ሲመለከት፣ ከኋላ ጎማው ስር አንድ ሠራተኛ ተኝቶ አግኝቷል። በመሆኑም ዞሮ መመልከት ጠቃሚ ነው። ወደ ዝናብ መጥረጊያው ስናልፍ...’»

የነርሷ አገጭ ቀና አለ። «ቁም! ምን አልክ?»

«ወደ ዝናብ መጥረጊያው ስናልፍ...»

«መጥረጊያህን ተወው! ማነው የተኛው?»

«አንድ ሠራተኛ።»

«አንዱ ሾፌርስ ማነው?» አለች ሚስቱ። ቢጎዲኑ እጇ ላይ እንዳለ ዞራ አየችው። ሾፌሩ ጆሮውን ማሸት ጀምሯል፤ ይህን ምልክት ካገባችው ጊዜ ጀምሮ ታውቀዋለች። «አንተ ነህ።»

ተቀመጠ። ቀስ ብሎ ነገራቸው። አንድ ጠዋት ከዴፖው ሊወጣ ቁልፉን ይዞ ሲመጣ ከአውቶብሱ ስር ድምፅ ሰማ። የፍሬኑ አየር የሚያፈስ መሰለው። ጎንበስ ብሎ ቢያይ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ ያደረ መካኒክ ካርቶን አንጥፎ፣ ራሱን ከጎማው አጠገብ አስደግፎ ተኝቷል። ያንኮራፋል። እግሩን ነካ ነካ አድርጎ ቀሰቀሰው፣ ከጀርባው ላይ አቧራውን አራገፈለት፣ ውሃ ሰጠው። ሰውየው አንድ ቃል ሳይናገር ሄደ። ሾፌሩም የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ሰው ይጠብቀው ነበርና ተነስቶ ሄደ።

«ሳታይ ብትነሳ ኖሮስ?» አለች ሚስቱ።

ነርሷ የተፈታውን ግማሽ ፀጉራቸውን በእጃቸው ያዙ።

«መግቢያህ ይሄ ነው» አሉ።

«አይሆንም እትዬ።»

«ለምን አይሆንም? እኔን አሮጊቷን ከእንቅልፌ ቀስቅሶኛል!»

«ሰውየው ዛሬ የጋራዡ አለቃ ነው። ድርሰቱን ከሚያነቡት ሦስት ሰዎች አንዱ እሱ ነው።»

«ይሻልሃላ! ነፍሱን አትርፈህለታል፤ ታዲያ ምን ያመነታሃል?»

«እሱን እኮ ነው የፈራሁት!» አለ ሾፌሩ። «መጀመሪያ ላይ ባመጣው ውለታዬን መልስ ያልኩት ይመስለዋል። ወይም ደግሞ በአለቃ ፊት፣ ሥራ ላይ ተኝተህ ነበር ብዬ ላዋርደው የፈለግኩ። እኔ ለማንም ተናግሬ አላውቅም። እሱም አንስቶብኝ አያውቅም። ስንገናኝ አንገቱን ዝቅ ያደርጋል፣ እኔም ዝቅ አደርጋለሁ፣ በቃ። ስንት ዘመን እንዲሁ ተላለፍን።»

ለካ መግቢያው እምቢ ያለው ወዶ አልነበረም። ሰውየው ዋናውን ነገር ሦስተኛው ገጽ ላይ ብርድ ልብስ አልብሶ አስተኝቶ፣ መጀመሪያው ላይ ሰላምታና ጤዛ ሲደረድር የከረመው፣ ሌላ የሚጽፈው ጠፍቶት ሳይሆን እንቅልፍ ላይ ያለ ሰው እንዳይቀሰቅስ ነው። ይሉኝታ እንዲህ ያደርጋል፤ መቶ ቃል ያስለፈልፍና አንዷን ያስውጣል።

ሚስቱ የመጨረሻውን ቢጎዲን ፈታች።

«ጻፈውና ይዘህለት ሂድ» አለች።

«ለማን?»

«ለጋራዡ አለቃ። ለሌሎቹ ከመስጠትህ በፊት አንብብለት። እሺ ካለ ታስገባዋለህ፤ እምቢ ካለ ጤዛህን ታስገባለህ።»

«ምን ብዬ ልጀምርለት?»

«‘ያን ጠዋት’ ብለህ ትጀምርለታለህ። ስለ ልጆቹ ሳትጠይቅ።»

ጠረጴዛው ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። በዚህ ጊዜ ወረቀት አልተቀደደም። ጨርሶ ሲያነብላቸው ነርሷ መስታወት ፊት ቆመው ነበር፤ ፀጉራቸው አምሮ ተሠርቷል፣ እሳቸው ግን ፀጉራቸውን አላዩትም።

«እሺ፣ ከዚያስ?» አሉ።

«ከዚያማ ሌላው ያው ነው፤ የጎማ ንፋስ፣ ዘይት...»

«ንገረኛ! ስለ ጎማው ምን ትላለህ?»

ሾፌሩና ሚስቱ ተያዩ። ነርሷ በሕይወታቸው ስለ ጎማ ጠይቀው አያውቁም።

ዴፖው ሲደርስ ከሰዓት በኋላው ተጋምሷል። ጋራዡ ውስጥ አንድ አውቶብስ ሆዱን ከፍቶ ቆሟል። ሾፌሩ የጋራዡን አለቃ በዓይኑ ፈለገ፤ የለም። እጁ ወረቀቱን ይዞ፣ እግሩ ደግሞ እንደ ልማዱ አውቶብሱን ይዞር ጀመር። ከኋላ ጎማው ዘንድ ሲደርስ ሁለት በዘይት የጠቆሩ ጫማዎች ከስር ወጥተው አየ። ጎንበስ አለ። ከዚያ መፍቻ ብረት ሲነካ ተሰማ፤ ሰውየው እየሠራ ነው።

«አለቃ፣ እንዴት ዋልክ?»

«አለሁ ጋሼ። ድምፅህን አወቅኩት።»

«ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆቹ...» ብሎ ሚስቱ ትዝ አለችው። ቆም አለ። «አለቃ፣ ያን ጠዋት ጽፌዋለሁ።»

መፍቻው ዝም አለ።

«የቱን ጠዋት?» አለ ድምፁ ከስር። የቱን እንደሆነ ግን ማወቁ ከአጠያየቁ ያስታውቃል።

«ድርሰቱ ላይ። መግቢያው ላይ። ስምህን አላነሳሁም። እንደማትወደው ከነገርከኝ እዚሁ እቀደዋለሁ፤ ኪሴ ውስጥ ሌላ መግቢያ አለኝ።»

«ሌላው ምን ይላል?»

«የሰው ልጅ ጤዛ ነው ይላል።»

«ከእሱስ ፈጣሪ ያውጣን። አንብበው የመጀመሪያውን።»

ሾፌሩ ጉሮሮውን ሊጠርግ ብሎ ተወው። አነበበ።

«‘አንድ ጠዋት አውቶብሴ ሲያንኮራፋ ሰማሁ። የፍሬኑ አየር የሚያፈስ መስሎኝ ጎንበስ ብል፣ ሌሊቱን ሙሉ ለእኛ ሲሠራ ያደረ ሰው ከኋላ ጎማው ስር ካርቶን አንጥፎ ተኝቷል። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ሰዓቱ ረፍዶ ነበር። ፌርማታው ላይ ሰዎች ይጠብቁኝ ነበር። ሾፌር ከመነሳቱ በፊት ብዙ ነገር ያድርግ ይባላል፤ እኔ ግን ከሁሉ በፊት አውቶብሱን በእግሩ ይዙረው እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውንም በቅደም ተከተል አስረዳለሁ።’»

ከግቢው ማዶ አንድ አውቶብስ ጡሩምባ ነፍቶ የበሩ ብረት ሲነሳ ተሰማ። ሾፌሩ ወደዚያ ላለማየት ወረቀቱን አየ።

«ይሄን ለማን ለማን ነግረሃል?» አለ አለቃው።

«ለማንም። ሚስቴ እንኳ የሰማችው ዛሬ ነው።»

«እኔ ለሁሉም ነግሬያለሁ።»

«ምን?»

«ጋሼ፣ እዚህ ጋራዥ ውስጥ መኪና ስር የሚገባ ሁሉ ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ይከታል የሚለው ሕግ ከየት የመጣ ይመስልሃል?»

ሾፌሩ አፉን ከፈተ። ያን ሕግ ያውቀዋል። ቁልፍ ፍለጋ ከመካኒክ ኪስ ወደ መካኒክ ኪስ እየዞረ ስንት ጊዜ ረግሞታል።

«አንተ ነህ ያወጣኸው?»

«አዲስ ልጅ በተቀጠረ ቁጥር የመጀመሪያው ቀን የምነግረው ታሪክ ነው። አንድ ሾፌር ባይዞር ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ አላስተምራችሁም እላቸዋለሁ። ስምህን አላነሳሁም። እንዳነሳው የምትፈልግ አልመሰለኝም፤ ስንገናኝ አንገትህን ደፍተህ ታልፈኛለህ።»

«አንተ ስትደፋ አይቼ ነዋ!»

«እኔማ ላመሰግንህ እየፈለግኩ ከየት እንደምጀምረው ጠፍቶኝ ነው።»

ሾፌሩ አጠገቡ ያለው አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ አለ። ሳቀ። ሳቁ ከሆዱ ነው የመጣው፣ ወገቡ ላይ ሲደርስ እንኳ አላመመውም። ስንት ዓመት ሁለት ትልልቅ ሰዎች፣ አንዱ ሌላውን እንዳይከፋው ብለው አፈር አፈር እያዩ ሲተላለፉ!

«ስማ ጋሼ» አለ ድምፁ ከስር። «ለሥራ አስኪያጇ ራሴ እነግራታለሁ፤ የተኛው ሰው እኔ ነኝ ብዬ። ስለዚህ የአንተን ወረቀት እኔ አልፈርድበትም፤ ሁለቱ ይዩት። ከያዛቸው ያዛቸው፣ ካልያዛቸው እኔን አትጥራ።»

«ይሄው ነው የምፈልገው። ይሄው ነው!» አለ ሾፌሩ። ቢሮው ሊዘጋ ነውና ተነሳ። ወረቀቱን በጥንቃቄ አጠፈው።

«ግን አንዲት ውሸት አለችበት» አለ አለቃው።

«የቷ?»

«የመጀመሪያዋ። እኔ በእንቅልፌ አላንኮራፋም።»

ሾፌሩ ወረቀቱን መልሶ ዘረጋው። ከደረት ኪሱ እስክሪብቶ አወጣ። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር አንዴ አነበባት፣ ደግሞ አነበባት። ማንኮራፋቷ ከወጣች አውቶብሱ ያው አውቶብስ ነው፣ ብዙ ሰዎችን በአንድ ጊዜ የሚያጓጉዝ ተሽከርካሪ። የእስክሪብቶውን ክዳን መልሶ ገጠመና ኪሱ ከተተው።

«ታዲያ ያን ጠዋት በጆሮዬ የሰማሁት ምንድነው?»

ከአውቶብሱ ስር መፍቻው ብረት ነካ።

«ሞተር እያሞቅኩ ነዋ።»